ከንቱ ወይስ እስትንፋስ?

ከዓመታት በፊት በአንድ ወንድም ቀብር ላይ ከመጽሐፈ መክብብ ሰብከን ነበር። ወንድማችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዕድሜውን በስፌት መኪና ላይ አጎንብሶ አራት ልጆች ያሳደገ። እኛም ሕዝቡን ወደ ዘላለም ሕይወት ለመጥራት ብለን፣ ከፀሐይ በታች ያለው ድካም ሁሉ ከንቱ መሆኑን አበክረን ተናገርን። በሳምንቱ ለማጽናናት ቤታቸው ስንሄድ ባለቤቱ ቡና እየቀዱልን፣ "መጋቢ፣ የባሌ ድካም በከንቱ ቀረ ማለትዎ ነው?" አሉን። መልስ አልነበረንም። ጸልየን ወጣን።

ማታ በኮሌጅ ዘመን የተጠቀምንበትን የዕብራይስጥ መዝገበ ቃላት ከመደርደሪያ አወረድን (አቧራውን አንናገርም)። በመክብብ 38 ጊዜ ያህል የሚመላለሰው፣ በአማርኛችን "ከንቱ" የተባለው ቃል "ሄቬል" ነው። መነሻ ትርጉሙ እስትንፋስ፣ እንፋሎት ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ፣ በማለዳ ስንነጋገር ከአፋችን ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋውን አስቡት። በዓይን ይታያል፤ በእጅ ግን አይያዝም። የአዳም ልጅ የአቤል ስምም በዕብራይስጥ ይኸው ቃል ነው። አቤል ዕድሜው አጭር ነበር፤ እግዚአብሔር ግን መሥዋዕቱን ተመለከተ። ታዲያ አቤልን የማይረባ ሰው ነበር የሚል ማን ነው?

"ከንቱ" የሚለው ትርጉም ስሕተት ነው አንልም። ቃሉ ስለ ጣዖታት ሲነገር በእርግጥ የማይረባ ማለት ነው፤ በሰባኪውም አፍ አንዳንዴ ምሬት አለበት። ነገር ግን በመክብብ 9፥9 ሰው ከሚወዳት ሚስቱ ጋር ደስ ብሎት እንዲኖር ሲመክር፣ ያንኑ አብረው የሚኖሩበትን ዘመን በዚሁ ቃል ይጠራዋል። በማይረባ ዘመን ደስ ይበልህ ብሎ የሚመክር አለ? ቶሎ የሚያልፍ ዘመን ስለሆነ ግን ደስ ይበልህ ቢል ይገባናል። እኛ በቀብሩ ዕለት ይህችን ቁጥር ዘልለናት ነበር።

ተመልሰን ሄደን ይቅርታ ጠየቅን፤ ክፍሉንም አነበብንላቸው። እርሳቸው ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ተነሥተው የስፌት መኪናውን ሽፋን ገለጡ። ክሩ ገና ከመርፌው አልወጣም፤ ሥሩ እጅጌ ያልገባለት የተማሪ ዩኒፎርም ነበር።

"የትንሿ ልጃችን ነው፤ እኔ እጨርሰዋለሁ" አሉን።