ባል እና ባልንጀራ

የዛሬው ወጌ ስለ ሁለት ሽማግሌዎች ነው። «እኛ ገና ሃያዎቹን ያልጨረስን ልጆች ስለ ሽማግሌ ምን አገባን?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት! የማወራችሁ ልብሴን የከተትኩበት ሻንጣ አልጋዬ ስር በነበረበት፣ ትዳሬን ጥዬ ልወጣ በተሰናዳሁበት ሰሞን ስላየሁት ነገር ነው።

መቼም ከአስራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ ያልገፋሁ ሰው ነኝ። የጋዜጣ ጽሑፍ ደግሞ ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም። ስለዚህ ለፈረንጆች በሰዓት እየታሰበልኝ አማርኛ አስተምራለሁ። በ2016 ዓ.ም. ካስተማርኳቸው መካከል ከአሜሪካ፣ ከዩታ የመጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ሰባ ደፍነዋል፤ ሚስትየው በሁለት ዓመት ይከተሏቸዋል። ሞርሞን እየተባለ የሚጠራው ቤተክርስቲያናቸው ለ18 ወር የላካቸው ሚስዮናውያን ናቸው። እኔ «ጋሼ» እና «እትዬ» እላቸዋለሁ፤ እነሱም «ልጄ» ማለትን ቶሎ ለመዱ።

«ስንት ይከፈላቸው ይሆን?» አልኩ በሆዴ። ለካስ መከፈል ቀርቶ ከፋዮቹ ራሳቸው ናቸው! ኪራዩም አስቤዛውም ከኪሳቸው ነው። በእነሱ ዘንድ ወጣት ወንድ 2 ዓመት፣ ወጣት ሴት 18 ወር ታገለግላለች። ልጆቻቸውን አሳድገው የጨረሱ ባልና ሚስት ደግሞ ከ6 እስከ 23 ወር ይሄዳሉ። የወንዶቹ መጠሪያ «ኤልደር» ነው፤ ሽማግሌ እንደማለት። ጢም ያላበቀለ የ19 ዓመት ጎረምሳ ደረቱ ላይ «ሽማግሌ» የሚል ጥቁር ባጅ ለጥፎ ሳየው ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር።

ኑሯቸውን ልንገራችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ይነሳሉ። አልጋው ጎን አብረው ተንበርክከው ይጸልያሉ፣ ተራ በተራ ያነባሉ፣ አጃ ቀቅለው ይበላሉ። እኔ በየመንገዱ ሲሰብኩ የሚውሉ መስሎኝ ነበር። የእነሱ ምድብ ግን የእርዳታ ሥራ ነው። ዊልቸሩ ለባለቤቱ ደረሰ ወይ፣ የውሃው ፓምፕ ይሠራል ወይ፣ ደረሰኙ ተሟልቷል ወይ እያሉ ሲዞሩ ይውላሉ። ማታ ጋሼ ሳህን ያጥባሉ፣ እትዬ ሪፖርት ይጽፋሉ። ቅዳሜ ልብስ ይታጠባል፣ ያውም ውሃ ካለ! ጋሼ መጀመሪያ አጥርተው የተናገሩት አማርኛ «ውሃ መጣ!» የሚለው ነው፤ ይህን ብለው ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ ቧንቧው ይሮጣሉ። ዘበኛውን ግን ለስድስት ወር ያህል «አንቺ» ሲሉት ከረሙ።

ትልቁ ፈተናቸው ቡና ነው። እምነታቸው ቡናና ሻይ ይከለክላል። ያለ ቡና ደግሞ ምን ጉርብትና አለ? አከራያቸው መጀመሪያ ቀን ጠርተዋቸው «አንጠጣም» ሲሉ ሴትዮዋ ፊታቸው ጠቆረ። ነገሩ ሲገባቸው ግን ለእነሱ ብርዝ ያቀርቡላቸው ጀመር። እነሱም ከአቦል እስከ በረካ ፈንዲሻቸውን እየበሉ ንቅንቅ አይሉም።

አንድ ቀን «ጾም» የሚለውን ቃል ሳስተምር ጋሼ ቀስ ብለው «እኔ ለኢትዮጵያ ጾሜያለሁ» አሉኝ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ጥር 19 ቀን፣ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ የቤተክርስቲያናቸው ሰዎች ጾመው የምግቡን ዋጋ ለተራበው ሰጥተዋል፤ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ጋሼ ያኔ የሠላሳ ዓመት አባወራ ነበሩ። እውነቱን ልናገርና መጀመሪያ ከፋኝ። የ77ን ነገር ፈረንጅ ሲያነሳብን ማን ደስ ይለዋል? እትዬ ግን «ያን ቀንማ ሳይመሽ ተጣላን፤ እሱ ሲርበው ይነጫነጫል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

መጣላቱ ዛሬም አለ። መላእክት አይደሉም። አንድ ማክሰኞ የጠፋ ደረሰኝ ጉድ አፈላ። ጋሼ «አንቺ ነሽ የጣልሽው» አሉ፣ እትዬ የማዕድ ቤቱን በር በላያቸው ዘጉ፣ እኔም ደብተሬን ሰብስቤ ውልቅ አልኩ። ሐሙስ ስመለስ ሰላም ናቸው። «ማን አስታረቃችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ጉልበታችን» አሉ እትዬ። «ማታ አብረን እንንበረከካለን። ለመነሳት ደግሞ እጅ ለእጅ መያያዝ አለብን። ከተኳረፍን ማን ያነሳናል?»

የሚያስለቅስም አለ። የመጨረሻ ልጃቸው ስትወልድ የልጅ ልጃቸውን ያዩት በስልክ ነው። ስልኩ ሲዘጋ እትዬ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ጋሼ ምንም አላሉም። አጠገባቸው ተቀምጠው ትከሻቸውን አቅፈው ቆዩ። ያን ቀን አላስተማርኩም፤ ሂሳብም አልተቀበልኩም።

በእነሱ ሥርዓት ሚስዮናዊ ብቻውን አይሄድም። ወጣቱ ጥንዱን ይመድቡለታል፤ የአዛውንቱ ጥንድ ግን የትዳር ጓደኛው ነው። ጋሼ «ይህን አብሮኝ የሚሠራውን ሰው በአማርኛ ምን ልበለው?» አሉኝ። «ጓደኛ» አልኳቸው። «ሌላስ?» «ባልንጀራ።» ቃሉን ቆራርሰው ተመለከቱትና «ባል… እንጀራ… እኔ ባል ነኝ፤ እንጀራም አብረን እንበላለን። እንግዲያው ባልንጀራዋ ነኝ!» ብለው እትዬን አዩዋቸው። ሁለቱም ተሳሳቁ።

እኔ ግን አልሳቅሁም። ባል አለኝ። ባልንጀራስ አለኝ?

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል። ወሬያችን «ዘይት አለቀ»፣ «የመብራት ካርድ ሙላ» ብቻ ሆኖ ነበር። እሱ ከሥራ ወደ ድራፍት፣ እኔ ከጽሑፍ ወደ እንቅልፍ። ራቱን ከድኜ እተኛለሁ፤ መጥቶ ብቻውን ይበላል። የተማታ የለ፣ የማገጠ የለ። እንዲሁ ቀዘቀዘ። ሻንጣውን ያሰናዳሁት ለዚህ ነው።

ያን ማታ ሳልበላ ጠበቅሁት። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሲገባ አንድ ትሪ አቀረብኩ። «ምን ተገኘ? ገንዘብ ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ቁጭ አልኩ። በዝምታ በላን። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቆየና «ከሥራ ሊቀንሱኝ ነው» አለኝ። ለካስ ከተነገረው ሁለት ወር ሆኖታል! ሁለት ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት ሲዞር፣ እኔ እዚያው ቤት ውስጥ ሻንጣ እያሰናዳሁ ነበር።

እኔ የማርያም ልጅ ነኝ። ሃይማኖቴን አልቀየርኩም፤ እነሱም ቀይሪ አላሉኝም። ምክሬ ይህ ነው፦ ኪራይና ዘይት ብቻውን ትዳር አያቆይም። ገና በወጣትነታችሁ አብራችሁ የምትሠሩት አንድ ነገር ይኑራችሁ፤ የታመመ ጎረቤት መጠየቅም ቢሆን፣ እድር ላይ አብሮ መቆምም ቢሆን። ምንም ከጠፋ አንድ ትሪ ላይ ብሉ። በእርግጥ ዱላ ባለበት ቤት ይህ ምክር አይሠራም፤ እዚያማ ሻንጣውን አንስቶ መውጣት ነው። የቀዘቀዘ ቤት ግን ከመፍረሱ በፊት ይሞከር።

ጋሼና እትዬ ጊዜያቸው ሲያልቅ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ጀሪካናቸውን ለእኔ ትተው። የባለቤቴ ሥራ እስካሁን አልለየለትም። ቢለይለትም ሁለታችንም እኩል እንሰማዋለን። ሻንጣው አሁንም አልጋው ስር አለ፣ ባዶውን።

ቸር እንሰንብት!