ከቤተ ክርስቲያን በታች የተከፈተ የዜማ ትምህርት ቤት

ገንዘብ ያነሰው ትምህርት ቤት አስቀድሞ የሚዘጋው የዜማውንና የሥዕሉን ክፍል ነው። የሒሳብ መምህር ቢጐድል ወላጅ ሁሉ ይጮኻል፤ የዜማ መምህር ቢጐድል ግን የሚጮኽ የለም፤ ልጆቹም ቢሆኑ ያልቀመሱትን ነገር አጣን ብለው ሊያለቅሱ አይችሉም።

በ1975 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኒው ዮርክ ከተማ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ መምህራንን አሰናበተ፤ የዜማና የሥዕል መምህራንም ከተሰናበቱት ጋራ ነበሩ። ባለጠጋው ለልጁ ሌላ መምህር ቀጠረ። ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሐርለም ሰፈር ያለ ድኻስ ልጁን ወዴት ይውሰድ? ደግነቱ አንዲት ሴት ከ11 ዓመት በፊት አስበውበት ኖሯል።

ወይዘሮ ዶረቲ ሜይኖር በ1910 በቨርጂኒያ፥ በኖርፎክ ከተማ፥ ከአንድ የሜቶዲስት ሰባኪ ተወለዱ፤ በልጅነታቸውም በአባታቸው ቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ጋራ ይዘምሩ ነበር። በ1939 የቦስተን የሙዚቃ ጓድ መሪ ኩሴቪትስኪ ድምፃቸውን ሰምቶ እጅግ ተደነቀ፤ በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ታውን ሆል ዘምረው ስማቸው ወጣ። በ1949 ፕሬዚደንት ትሩማን ቃለ መሐላ በፈጸሙበት በዓልም ዘመሩ። ይህን ሁሉ ክብር ያገኙት ሴት ግን ወደ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ መድረክ አንድ ቀን እንኳ አልተጠሩም። በዚያ ቤት ጥቁር ባለሙያ ዋና ክፍል ይዞ የዘመረው በ1955 ሲሆን፥ እርሷም ወይዘሮ ማሪያን አንደርሰን ናቸው፤ ያን ጊዜ ወይዘሮ ዶረቲ 44 ዓመታቸው ነበር።

ባለቤታቸው ቄስ ሼልቢ ሩክስ በሐርለም የቅዱስ ያዕቆብ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበሩ። ወይዘሮ ዶረቲም በ1964 በዚያ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ጥቂት ልጆችን ሰብስበው ፒያኖ ማስተማር ጀመሩ።

ለተራበ ልጅ ዜማ ምን ይረባዋል የሚሉ አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ለድኻ ልጅ እንጀራ ብቻ ይበቃዋል ብሎ የሚፈርድ ሰው ይህን ፍርድ በገዛ ልጁ ላይ አይፈርድም። ደግሞስ ጣቱን በፒያኖ ላይ የሚያለማምድ ልጅ የሚማረው ዜማ ብቻ አይደለም፤ አንዲቱን ስሕተት ሳይቈጣ ሃያ ጊዜ ማረምን ይማራል። ይህ ትዕግሥት በሌላ ትምህርት በቀላሉ አይገኝም።

ከፒያኖው በኋላ ቫዮሊኑ፥ የባሌ ጭፈራው፥ ሥዕሉና ቴአትሩ ተጨመሩ፤ ምድር ቤቱም ስለ ጠበበ በ1970ዎቹ ዓመታት ለትምህርት ቤቱ የራሱ ሕንፃ ተሠራለት። ወይዘሮ ዶረቲ በ1979 አመራሩን ለሌላዋ የዜማ ባለሙያ ለወይዘሮ ቤቲ አለን አስረከቡ። የአንዲት ሴት በጎነት ግን የከተማውን ዕዳ አይከፍልም፤ ምድር ቤት የሚከፍትለት ቄስ ያላገኘው የሌላው ሰፈር ልጅ ያለ ዜማ አድጓልና።

ሲዘምሩ ያልጠራቸው የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ወይዘሮ ዶረቲን በ1975 ከአስተዳዳሪዎቹ ጉባኤ አባል አደረጋቸው፤ ከጥቁሮችም ወገን የመጀመሪያዋ አባል ሆኑ። ያ ዓመት ከተማው የዜማ መምህራኑን ያሰናበተበት ዓመት ነው።