ከመጨረሻው ጣቢያ ወዲያ

የአዲስ አበባ ደላላ ከከተማ ወጣ ያለ ቤት ሲያሳይ የማይረሳቸው ሦስት ነገሮች አሉ። ውኃው አይጠፋም፤ አከራይዋ ደግ ናቸው፤ ባቡሩም ወደፊት በዚህ በኩል ያልፋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ተከራይ በወር በሁለት ወር ውስጥ ራሱ ያረጋግጣቸዋል። ሦስተኛው ግን የማይከሰስ ተስፋ ነው። «ወደፊት» ቀን ስለሌለው ዋሸህ አይባልም።

እኔ የምኖረው ከአያት ወዲያ ነው። የከተማው ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል አያት ላይ ያበቃል፤ እኛ ደግሞ እሱ ካበቃበት እንጀምራለን። ሁለቱም መስመሮች ከጫፎቻቸው አልፈው የሚቀጥሉበት ሁለተኛ ምዕራፍ ይመጣል ሲባል ዓመታት አልፈዋል። እስከ ዛሬ ሐዲዱ ከአያት ፈቀቅ አላለም፤ ወሬው ግን እኛ ሰፈር ከደረሰ ቆይቷል። ልቅሶ ቤት ይነሣል፣ ዕድር ላይ ይነሣል፣ የታክሲ ሰልፍ ላይማ ሌላ ጨዋታም የለ። አንዱ «መሐንዲሶች ሲለኩ አይቻለሁ» ይላል። ሌላው «የለም፣ የውኃ ቧንቧ ሰዎች ናቸው» ብሎ ያስተባብላል። የለካው ማንም ይሁን ማን፣ በማግሥቱ ደላሎቹ ዋጋ ይጨምራሉ።

ለነገሩ ይህች ከተማ ባቡር መጠበቅን ዛሬ አልጀመረችውም። ዐፄ ምኒልክ ለምድር ባቡሩ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት ሌላ 14 ዓመት ፈጅቶበታል። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ግን በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ለማየት አልታደሉም። መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ የተሠራው የከተማ ባቡር የሰሜን ጫፉ ጣቢያ ዛሬ በእሳቸው አደባባይ ስም ይጠራል። መቼም ታሪክ አንዳንዴ ዘግይቶም ቢሆን ይክሳል።

ያሁኑን ጥበቃ ደግሞ በዐይናችን ያየነው ነው። በ2004 ዓ.ም. ቁፋሮው ሲጀመር ከተማይቱ በበጋ በአቧራ፣ በክረምት በጭቃ ለሁለት ተከፈለች። ከመንገዱ ማዶ ያለ ዘመድ መጠየቅ ራሱን የቻለ ጉዞ ሆነ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ሥራ ሲባል ከቆመበት ሲነሣ የስንቱ ሰው ልብ አብሮ ተነሣ! ሐውልቱ ወደ ቦታው የተመለሰው በ2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት መስከረም 9 ቀን ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ የሚወስደው መስመር ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች ያለውም ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለ። ያን ሰሞን ጉዳይ ኖሮት ሳይሆን ባቡሩን ለማየት ብቻ የሚሳፈር ብዙ ነበር። ልጆቻቸውን የዓመት በዓል ልብስ አልብሰው፣ ጫፍ ድረስ ሄደው፣ ሳይወርዱ መመለስ የሚፈልጉ አባቶችን አይቻለሁ። ትኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። 34 ኪሎ ሜትር ሐዲድ፣ 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፤ ከዚህም ውስጥ 85 ከመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር።

እዚህ ላይ ጎረቤቴን ላስተዋውቃችሁ። ሰፈሩ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልበላቸው። ልደታ አካባቢ ከነበረው የቀበሌ ቤታቸው ተነሥተው፣ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ደርሷቸው ወደኛ መጡ። ቤታቸው ተነሣ እንጂ ሥራቸው አልተነሣም፤ ዛሬም መርካቶ፣ ሰባተኛ አጠገብ ቅመማ ቅመም ይነግዳሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከቤት ይወጣሉ። እስከ አያት በታክሲ፣ ከአያት በባቡር፣ ስታዲየም ሲደርሱ መስመር ቀይረው ወደ ሰባተኛ። ማታ ያንኑ መንገድ ተመልሰው። ቤት አግኝተው ቀናቸውን ያጡ ሴት ናቸው። ጋዜጣ ይዤ ሲያዩኝ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ «ስለ ባቡሩ አለበት?» ይሉኛል። የሚጠይቁት ስለሚሄደው ባቡር አይደለም፤ ስለሚቀጥለው ነው።

አንድ እሑድ ቡና ላይ ሳለን የስኒውን ረከቦት ወደ ጎን አድርጌ ቆሎ ደረደርኩላቸው። «እትዬ፣ ሐዲድ ብቻውን ሰው አያደርስም» አልኳቸው። ከአያት ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ደርሶ መልስ 34። ባቡሩ በየጣቢያው መቆሙን ጨምሮ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ አንድ ዙር 102 ደቂቃ ይፈጅበታል። 17 ባቡር ቢሰማራ በየ6 ደቂቃው አንዱ ይመጣል። 4 ብቻ ቢሰማሩ ግን ተሳፋሪው ከ25 ደቂቃ በላይ ይቆማል። አሁን ባቡር ሳንጨምር ሐዲዱን በ6 ኪሎ ሜትር እናርዝመው። ዙሩ 138 ደቂቃ ይሆንና አራቱ ባቡሮች የሚመጡት በየ34 ደቂቃ ተኩሉ ነው። ሩቅ ያለውን ሰው እናስጠጋለን ስንል ቅርብ ያለውንም አራቅነው ማለት ነው።

ነገሩ የቆሎ ሒሳብ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ብረቱ እግር ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ይበላል፤ በየጊዜው መስተካከል፣ ሲያልቅም መለወጥ አለበት። መለዋወጫው ከውጭ የሚገዛ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ምንዛሪው በጠፋ ቁጥር ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በየተራ ከሥራ እየወጡ ቆመዋል። ሲገቡ እልልታ ነበር፤ ሲቆሙ ግን ድምፅ አልተሰማም።

እትዬ ቆሎውን ትክ ብለው አዩት። «ልጄ፣ ወጥ ሳይጨምሩ እንግዳ መጥራት ነው በለኛ!» አሉና ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ «ግን እኮ እኔ እንግዳ አይደለሁም። የቤቱ ልጅ ነኝ፤ መቀመጫ ነው ያልደረሰኝ» አሉ።

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ከመሀል ከተማ የተነሣ ሰው የባቡሩን መቀጠል የሚጠብቀው ለብረቱ ጓጉቶ አይደለም። ከተማው ከዚህም ወዲያ ልጆች አሉኝ ብሎ እንዲቆጥረው ነው። ስለዚህ ያለውን ጠግኑ፣ አዲሱ ይቅር ማለት ለመሀል ከተማ ሰው ይቀላል፤ እትዬን ግን ለዘለዓለም ከጫፍ ወዲያ ያስቀምጣቸዋል። አዲሱ ብቻ ይሠራ ማለት ደግሞ በቆሎው እንዳየነው ሁሉንም በእኩል ያስቆማል።

አንባቢ ሆይ፣ እንግዲህ ጥያቄያችንን አንድ ብቻ አናድርገው። «መቼ ይቀጥላል?» ብለን እንጠይቅ፤ መብታችን ነው። ነገር ግን «ዛሬ ስንት ባቡር ከዴፖ ወጣ?» ብለንም እንጠይቅ። ሪባን ሲቆረጥ የሚጨበጨበውን ያህል፣ የቆመ ባቡር ተጠግኖ ሲወጣ ማጨብጨብ የለመድን ቀን ሁለተኛው ምዕራፍ ከወሬ ወደ ሐዲድ ይጠጋል ብዬ አምናለሁ።

እትዬ ሰሞኑን ጥያቄያቸውን ለውጠዋል። በየጧቱ የአያቱን ዴፖ አሻግረው ያዩና፣ ማታ ሲያገኙኝ «ጋዜጣው ስንቱ ወጣ ይላል?» ይሉኛል። ይህን የሚያወጣ ጋዜጣ ገና አላገኘሁላቸውም።