«አባታችሁን በኪሎ አልሸጥም»

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ብረት መቁረጫ ምን አገባው የምትሉን ጓደኞቻችን እንደማትጠፉ እናውቃለን። እውነታችሁን ነው፤ አያገባንም ነበር። ዳሩ ግን ባለፈው ዓመት በዚሁ ጉዳይ የአንድ በሬ ዋጋ በእጃችን አልፏልና ዝም ብለን ብንውጠው አልዋጥ አለን።

አባታችን ትቶልን ያለፈው ንብረት አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ናት። ከአቀስታ መካነ ሰላም ስንት ወላድ፣ ስንት ኩንታል እህል ጭና እንደ ተመላለሰች የቦረና ገበያተኛ ይመስክር። እርሱ ካረፈ ወዲህ ጓሮ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ኖረች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል፣ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ዘወር ብሎ ጓሮውን ማየት ጀመረ። ቁራሌው ቀድሞ መጣና በኪሎ ልግዛችሁ አለ። እናታችን «አባታችሁን በኪሎ አልሸጥም» ብላ አባረረችው። እንግዲህ ካልሸጡ መጠገን ነው።

ታላቅ ወንድማችን ሳውዲ፣ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሲቀጠቅጥ ኖሮ የተመለሰ ነው። መኪናዋ ሥር ተኝቶ ሻንሲዋን በመዶሻ ቢነካካው ዝገቱ እንደ ቂጣ ፍርፋሪ ረገፈ። «ሞተሩ ደኅና ነው፤ የበሰበሰውን ቆርጦ አዲስ መበየድ ነው» አለ። በምን ይቆረጥ? ሙግቱ እዚህ ላይ ነው።

ግራይንደር ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ማዕዘን ውስጥ አይገባም፣ ዲስክም ይበላል። በኦክስጅንና በጋዝ ይቆረጥ እንዳንል ሲሊንደሩ ከደሴ ተጭኖ መምጣት አለበት። ደግሞም ላንድሮቨር በ1948 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ከጦርነቱ በኋላ ብረት ጠፍቶ ስለ ነበር አካሏን የለበሰችው አሉሚኒየም ነው፤ ብረቱ ሻንሲዋ ነው። ኦክስጅን የሚቆርጠው ብረቱን እያቃጠለ ስለሆነ አሉሚኒየም ላይ አይሆንም፤ ያቀልጠውና ያበላሸዋል። ፕላዝማ ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ማናቸውንም ብረት ይቆርጣል። የታመቀ አየር በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩ ከ15,000 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ያ የጋለ አየር ብረቱን አቅልጦ ጠርጎ ይሄዳል። ስስ ላሜራንም በሙቀት ብዙ አያጣምምም። ወንድማችን ይህንን ሁሉ ቡና ላይ ሲያስረዳን እናታችን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ስንት ነው?»

ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተሸጠ። የቀረው ከጎረቤት በሬ ጋር ተቀናጅቶ ይረስ ተባለ። ገንዘቡ አዲስ አበባ ለምንማረው ለእኛ ለሁለታችን ተላከ። ወንድማችን በስልክ «40 አምፔር ይበቃል፤ የሻንሲው ውፍረት 2 ሚሊ ነው። ዋናው ነገር አፉ ብረቱን ሳይነካ ራሱ እሳት የሚያወጣውን ግዙ» አለን። ሰማን፤ ግን አላዳመጥንም። መርካቶ ስንገባ 50 የተጻፈበት፣ በዋጋም ቀነስ ያለ መሣሪያ አየን። ከማርክ ጋር የኖረ ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ ይሸነፋል መቼም። ሻጩ አልዋሸንም፤ እኛ አልጠየቅንም።

ክረምት ላይ ይዘን ገባን። መሣሪያው አፉ ብረቱን ካልነካ እሳት የማይሰጥ ዓይነት ኖሯል። ቀለምና ዝገት ያለበት ላይ ሲያስነኩት ተንጣጥቶ ይጠፋል፤ እስኪነሣ ሲታገሉት አፉ ይቃጠላል። መለዋወጫ አፉ ደግሞ እዚያ አይገኝም። የመንደሩ መብራት በተነካ ቁጥር ይፈዛል። ጉሙ ቤት ድረስ ይገባ ስለ ነበር ኮምፕሬሰሩ ከአየር ይልቅ ውሃ ይተፋል። በሦስተኛው ቀን ወንድማችን ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። እናታችን ምንም አላለችም። ወጥታ ለቀረው በሬ ድርቆሽ ሰጥታ ተመለሰች። ኧረ ብትሰድበን ይሻለን ነበር።

መሣሪያውን ከስረን ሸጥነው። የጎደለውን ልጆች እያስጠናን ሞላን፤ ስድስት ወር ፈጀብን። ሁለተኛውን ስንገዛ ግን እዚያው ሱቁ በር ላይ ዝገታም ቁራጭ አስቆርጠን አየን፣ አፉንም በደርዘን ገዛን። ኮምፕሬሰር ከጎሚስታው ተከራየን፤ በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ አየር ይፈልጋልና የቤቱ ትንሿ አትችለውም። መካነ ሰላም ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ከቆላው ይሳሳል፤ ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ እስኪሞላ ትዕግሥት ይጠይቃል። ጠዋት ጠዋት የጋኑን ውሃ ማፍሰስ የእኛ ሥራ ሆነ። ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን ይቆርጣል፣ አራቱን ያርፋል። የነዳጅ ታንከሩን ግን ወንድማችን አስቀድሞ ፈትቶ ከግቢ አውጥቶታል፤ በዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም።

የግራው ጎን አልቋል፤ ቀኙ ለመጪው ዕረፍት ተቀምጧል። በግራው ሻንሲ ላይ አባታችን ከዘይት በርሜል ቆርጦ የለጠፋት፣ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ነበረች። በመሮና በመዶሻ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጅታበታለች፤ ያኔ ፋኖስ የያዝንለት እኛ ነን። ፕላዝማው እስከ ሠላሳ ሳንቆጥር ዙሪያዋን ዞሮ ጣላት። ወንድማችን መከላከያውን ከፊቱ ከፍ አድርጎ እናታችንን አያት። እርሷ በጉጠት አንሥታ ባልዲ ውስጥ ነከረቻት፤ ጮኸች። አሁን የጓዳው በር በነፋስ እንዳይዘጋ ሥሩ ትደረጋለች።