ሲርኬጂ፦ ላዩ ሙዚየም፣ ታቹ ጥድፊያ

ኢስታንቡል ውስጥ ሲርኬጂ የሚባሉት ሁለት የባቡር ጣቢያዎች ናቸው፤ አንዱ ከመሬት በላይ፣ ሌላው ከሥሩ። የላዩን እንግዳ ሰው ፎቶ ያነሳዋል፤ በታችኛው የከተማው ሰው ይሮጥበታል።

የላዩን የነደፈው ጀርመናዊው አርክቴክት ኦገስት ያስሙንድ ሲሆን፣ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። ፀሐይ በክብ መስኮቶቹ ስትገባ የመስታወቱ ቀለም ወለሉ ላይ ይፈስሳል። ከፓሪስ የሚነሳው ዝነኛው ኦሪየንት ኤክስፕረስ መጨረሻው እዚህ ነበር። ዛሬ ከሶፊያ የሚመጣው የሌሊት ባቡር እንኳ ከተማው ዳር ሃልካሊ ላይ ይቀራል። የድሮውን ለገሃር የሚያስታውስ አዲስ አበቤ ይህ አዳራሽ አዲስ አይሆንበትም፤ ቤቱ እንደ ቆመ አለ፣ ሻንጣ ተሸካሚውና ተሰናባቹ ግን የሉም።

ሰዉ ያለው ከሥር ነው። ጣቢያው 60 ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለው አንዱ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ማለቂያ ያለው አይመስልም። የሚቆም በቀኝ፣ የሚቸኩል በግራ። ይህን ሳያውቁ ከነሻንጣ መሐል ላይ መገተር ከኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያስቆጣል። ከባቡር ወርደው ሲወጡም የመውጫውን ጽሑፍ ማንበብ ይበጃል፤ አንዱ በር ወደ ባሕሩ ዳር ሲያወጣ፣ ሌላው ጃሎግሉ ዳገት ላይ ይጥላል።

ባቡሩ ማርማራይ ይባላል። የቦስፎረስን የባሕር ሰርጥ በውኃ ሥር የመሻገር ሐሳብ ከሱልጣን አብዱልመጂድ ዘመን፣ ከ1860 ጀምሮ የነበረ ነው፤ የተሳካው ግን ጥቅምት 29 ቀን 2013 ነው፤ ሁሉም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። 11 ግዙፍ የኮንክሪት ቱቦዎች ወደ ባሕሩ ወለል ሰምጠው እዚያው ተገጣጠሙ። ሥራውን ያጓተተው ባሕሩ ብቻ አይደለም። በቀጣዩ ጣቢያ በየኒካፒ ሲቆፈር የባይዛንታይን ዘመን ወደብ ተገኘ፤ 37 የመርከብ ስብርባሪዎችም ከጭቃው ወጡ። በመዘግየቱ የተማረሩ ብዙ ነበሩ። እኔ ግን እነዚያን መርከቦች ሳያዩ ኮንክሪት ቢያፈሱባቸው ኖሮ ይቅር የሚላቸው አይገኝም ነበር ባይ ነኝ።

ከሲርኬጂ በእስያ በኩል እስካለው ኡስኩዳር 4 ደቂቃ ገደማ ነው። ባሕር አያለሁ ብሎ የተሳፈረ ያዝናል፤ መስኮቱ የራስን ፊት ከማሳየት በቀር ምንም የለውም። ከአውሮፓ ወደ እስያ እየተሻገሩ ከስልኩ ቀና የሚል ሰው የለም።

ክፍያው ላይ እንግዳ የሚዘናጋበት ነገር አለ። ለሜትሮውም፣ ለትራሙም፣ ለጀልባውም የሚያገለግለው ኢስታንቡልካርት የሚባል አንድ ካርድ ነው። ማርማራይ ግን የሚያስከፍለው በርቀት ስለሆነ፣ መግቢያው ላይ እስከ መጨረሻው ጣቢያ የሚሄዱ ያህል ሙሉውን ይቆርጣል። አንድ ጣቢያ ብቻ የተጓዘ ሰው ሲወጣ መውጫው አጠገብ ያለችው ትንሽ ማሽን ላይ ካርዱን ማስጠጋት አለበት፤ ትርፉ ወዲያው ይመለስለታል። የከተማው ሰው እርምጃውን እንኳ ሳይገታ ጠቅ አድርጎ ያልፋል። እንግዳው ማሽኗን ለሌላ ጉዳይ የቆመች መስሎት ገንዘቡን ትቶ ይሄዳል።

ለመመለስ በባቡር መሄድ አያስፈልግም። ከኡስኩዳር ጣቢያ እንደወጡ፣ ሲርኬጂ አጠገብ ወዳለው ኤሚኖኑ የሚሄደው ጀልባ መሳፈሪያ እዚያው ነው፤ ካርዱም ያው ካርድ ነው። ጊዜው ይረዝማል፣ ግን ባቡሩ የደበቀው ሁሉ የሚታየው ከጀልባው ላይ ነው። ሻይ በወገበ ቀጭን ብርጭቆ ይቀርባል፤ ሲሚት የሚባለውን ክብ ዳቦ የያዘ ሰው ደግሞ ከባሕር ወፎቹ ጋር ሳይካፈል አይወርድም። ቦታ ከተገኘ በግራ በኩል መቀመጥ ነው፤ መጀመሪያ የልጃገረዷ ግንብ፣ ቀጥሎም ቶፕካፒ ቤተ መንግሥትና አያ ሶፊያ በዚያው ጎን ይመጣሉ።