እናታችን ያልተኛችበት ቀን



እናታችን ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር በተገኘባት ጊዜ እኛ ልጆቿን ያስፈራን ካንሰሩ ብቻ አልነበረም። በልጅነቷ ጉሮሮዋን ታማ በወጉ ባለመታከሟ የልቧ ቫልቭ ጠቧል። ሙሉ ማደንዘዣ የደም ግፊቷን ዝቅ ቢያደርገው ልቧ ላይችለው እንደሚችል ተነገረን። ይውጣ ብንል ልቧ፣ ይቆይ ብንል ካንሰሩ።

ጸሎታችን አንድ ነበር፤ ጌታ አስቀድሞ ልቧን እንዲፈውስ። የጸሎት ቡድናችንም አብሮን ጾመ። በልብ አልትራሳውንድ ዳግም ሲታይ ግን ቫልቩ እንደ ጠበበ ነበር። አንዳንዶች እምነታችን ጎድሎ እንደሆነ ሲነግሩን ልባችን ተሰበረ።

መልሱ ባልጠበቅነው በር መጣ። አንድ የማደንዘዣ ሐኪም አጠገቧ ተቀምጦ፣ “እማማ፣ ሳናስተኛዎት ልንሠራልዎት እንችላለን” አላት። የደረት ነርቮች ከአከርካሪ አጥንት ግራና ቀኝ ይወጣሉ። በአልትራሳውንድ እያዩ እዚያ ቦታ ላይ መድኃኒቱን ሲወጉ ያ የደረት ጎን ብቻ ይደነዝዛል፤ ታካሚዋ በራሷ ትተነፍሳለች፣ ልቧም ያን ያህል አይጨነቅም። አደጋ የለውም ግን አላለንም። መርፌው የሳንባን ሽፋን ሊነካ፣ መድኃኒቱም በብዛት ወደ ደም ቢገባ ልብን ሊያውክ እንደሚችል በግልጽ ነገረን።

በዕለቱ እኛ ኮሪደር ላይ ስንጸልይ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ ነቅታ ነበር። በኋላ፣ “እማዬ፣ ፈርተሽ ነበር?” አልናት።

“አዎ፣ ፈርቻለሁ። የመቀሱን ድምፅ እሰማ ነበር። ግን ብቻዬን አልነበርኩም። ነርሷ እጄን ይዛለች፤ ጌታም ነበር።”

ጌታ ከአዳም ጎን አጥንት ሲወስድ አስተኝቶት ነበር። እናታችንን ግን ነቅታ አሳለፋት። ጳውሎስም መውጊያው እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው ጸጋ ነበር። እኛ ፍርሃቱ እንዲወገድ ለመንን፤ እሱ በፍርሃቱ ውስጥ አብሯት ሆነ።

የልቧ ቫልቭ ዛሬም ጠባብ ነው። መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ የካንሰር ክትትሏም አላበቃም። ቢሆንም እሑድ እሑድ ከጎናችን ተቀምጣ ትዘምራለች።

“ልብሽ አይችልም” ተብላችሁ ቤት የተቀመጣችሁ እህቶች ካላችሁ፣ ጸልዩ፤ ደግሞም ሌላ መንገድ ይኖር እንደሆነ የማደንዘዣ ሐኪም ጠይቁ። ለሁሉም ላይሆን ይችላል። መጠየቅ ግን እምነት ማጣት አይደለም።

ጸጋው ይብዛላችሁ።