ወተቱ ፈልቷል ወይ?

ነፍሰ ጡር ይዞ ክትፎ ቤት የገባ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚነጋገረው ስለ ሥጋው ነው። «የእሷ በደንብ ይብሰል» ይባላል፤ አስተናጋጁም ሳይጠይቅ ይገባዋል። ጥሬ ሥጋ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ጽንስ የሚጎዳ ተውሳክ ሊያስተላልፍ እንደሚችል ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል፣ ምክሩም ሰሚ አግኝቷል። ሥጋው በስሎ ይቀርባል። ጎመኑም ያው የበሰለ ነው። መሀል ላይ የተከመረው ነጭ አይብ ግን ከየት እንደመጣ፣ በምን ወተት እንደተሠራ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ሁሉ ጥንቃቄ በኋላ ሳይጠየቅ የሚያልፈው እሱ ብቻ ነው።

*

ገበያ ላይ አይብ የሚሸጡ እናትን «ወተቱ ፈልቶ ነበር?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ልጄ፣ እሳት ያላየ አይብ የት አለ?» የሚል መልስ ያገኛል። አልዋሹም። ጥሬው ወተት ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ይወጣል፤ የቀረው አሬራ እሳት ላይ ተጥዶ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ነገሩ ያለው በእሳቱ መጠን ላይ ነው። ስለ አገራችን አይብ አሠራር የጻፉ የወተት ባለሙያዎች አሬራው የሚሞቀው ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መካከል እንደሆነ ይገልጻሉ። ፋብሪካ ወተትን ፓስቸራይዝ የሚያደርገው 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ በማቆየት ነው። እንግዲህ በ45 ዲግሪ የተለየ አይብ እሳት አይቷል፣ በጥሬው ወተት ውስጥ የነበረው ተህዋሲ ግን አብሮት ሊኖር ይችላል። ሴቶቹ እሳቱን የሚያለዝቡት ሙያ ስላላቸው ነው፤ የበዛ እሳት አይቡን ያደርቀዋል፣ ያሻክረዋል። አይቡን ለምላስ የሚያለሰልሰው ዝግ ያለ እሳት ለነፍሰ ጡር የማይበቃ እሳት ነው።

*

ከሁሉም የሚያሰጋው ሊስቴሪያ ነው። ብዙዎቹ ተህዋሲያን ፍሪጅ ውስጥ ሲገቡ እድገታቸው ይገታል፤ ይኼኛው በቅዝቃዜም ቀስ እያለ ይራባል። ስለዚህ «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያደረው» የሚለው ማጽናኛ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ነፍሰ ጡር ሴት በሊስቴሪያ የመያዝ ዕድሏ ከሌላው ሰው 10 እጥፍ እንደሚደርስ ይገልጻል። እናቲቱን ጉንፋን የሚመስል ትኩሳትና ቁርጥማት ይዟት ሊያልፍ ይችላል። ጽንሱ ግን ሊጨናገፍ፣ ሞቶ ሊወለድ፣ ወይም ሕፃኑ ታሞ ሊወለድ ይችላል።

*

በ1985 እ.ኤ.አ. በሎስ አንጀለስ አውራጃ 142 ሰዎች በሊስቴሪያ ታመሙ። ከእነዚህ 93ቱ ነፍሰ ጡሮችና ጨቅላዎቻቸው ነበሩ። 48 ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ 20ዎቹ ጽንሶች፣ 10ሩ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ናቸው። ምንጩ በሜክሲኮ ባህል የሚሠራ ለስላሳ ነጭ አይብ ሆኖ ተገኘ። ምርመራው ወደ ፋብሪካው ሲዘልቅ ፓስቸራይዝ ወደተደረገው ወተት ጥሬ ወተት ሳይቀላቀል እንዳልቀረ አመለከተ።

ከታመሙት እናቶች አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ያማራቸው የእናታቸው ቤት ምግብ ነበር። ገበያ ወጥተው፣ ታሽጎ ስም የተጻፈበትን፣ ሕጋዊ መደብር የሸጠላቸውን ገዙ። ከእነሱ ሌላ ምን ይጠበቅ ነበር? ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለነፍሰ ጡር «ይህን አትብዪ» ማለት ቀላል ነው፤ አይቡን የሠራውን፣ ያከፋፈለውን፣ በሳህን ያቀረበውን ግን ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው የለም።

*

ሱፐርማርኬት ውስጥ ያለውን ፎርማጆ በስሙ መሸምደድ አያስፈልግም። ደረቅ ነው ወይስ እርጥብ? ወተቱ ፓስቸራይዝ ሆኗል ወይስ አልሆነም? እነዚህ ሁለቱ ብዙውን ይፈቱታል። እንደ ፓርሜዛን፣ ቼዳርና ፕሮቮሎን ያሉት ጠንካሮቹ ውሃቸው ጥቂት ስለሆነ ሊስቴሪያ አይመቸውም። በብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሎ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ ሦስት ማዕዘኑም ሲሠራ በኃይለኛ ሙቀት ያለፈ ነው። ሞዛሬላ ከፓስቸራይዝድ ወተት ከሆነ ይበላል፤ ፒዛ ላይ ቀልጦ ሲንተከተክማ ምንም አያጠራጥርም። ነጭ ሻጋታ የሸፈናቸው ብሪና ካማምቤር፣ ሰማያዊ ሻጋታ ያለበት ጎርጎንዞላ ግን እስኪወልዱ ይቆዩ። ሻጋታው የአይቡን ኮምጣጣነት እየቀነሰ ለተህዋሲው ያመቻቸዋል።

ለንደን ያለች እህትና ዋሽንግተን ያለች እህት በስልክ የተለያየ ምክር ቢሰጡ ሁለቱም ከአገራቸው ሐኪም የሰሙትን ነው የሚናገሩት። እንግሊዞቹ ብሪን ፓስቸራይዝ ቢሆንም ይከለክላሉ፣ ጠንካራውን ግን ከጥሬ ወተት ቢሠራም ይፈቅዳሉ። አሜሪካኖቹ ከጥሬ ወተት የተሠራ ለስላሳ አይብ አይነካ ይላሉ፣ የሜክሲኮውን ትኩስ አይብ ደግሞ ፓስቸራይዝ ቢሆንም ካልሞቀ አይፈቅዱም። እንፋሎቱ እስኪወጣ የሞቀውን ግን የሚከለክል የለም።

*

አይባችን ከሦስት እጅ ከሁለት እጁ በላይ ውሃ ነው፤ በዚህ በኩል ከአደገኞቹ ይመደባል። በሌላ በኩል ኮምጣጣ ነው፣ ኮምጣጣነት ደግሞ ሊስቴሪያን ያዳክማል። በዚህ የሚጽናኑ አሉ። ነገር ግን አንዱ ቤት የሚሠራው እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ሌላው ቤት የሚሠራው ለጋ ነው፤ ከተሠራ በኋላም የስንት ሰው እጅ፣ የስንት ቀን ቅጠልና የስንት ሰው ማንኪያ ነክቶታል። በዚህ ላይ ብሩሴላ አለ። ከከብት፣ ከፍየልና ከግመል ጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚሸጋገር፣ እየተመላለሰ የሚያተኩስና ለውርጃ የሚዳርግ በሽታ ነው፤ አርብቶ አደር አካባቢ ያሉ ሴቶች በደንብ ያውቁታል።

*

አይብ ላይ የሚነሰነሰው ጤና አዳምም ይታሰብበት። ማህፀን የማነቃቃት ጠባይ ያለውና ሲበዛ ለውርጃ የሚያሰጋ ቅጠል ነው። ለእርጉዝ በኮረሪማ ብቻ ይሠራላት።

*

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ የአገራችን ሴቶች አይብ ሲያቀርቡ «የአገር ቤቱን አይሆንም እንጂ» ብለው ይቅርታ ይጠይቃሉ። ከመደብር የገዙትን ወተት ሊገነፍል እስኪል ያሞቁታል፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ያደርጉበታል፣ አይቡ ሲለይ ያጠሉታል። ወተቱ አስቀድሞ ፓስቸራይዝ ሆኗል፣ እንደገናም ከ80 ዲግሪ በላይ ሞቋል። የወይራ ጭስ ሽታ የለውም፣ እውነት ነው። ለነፍሰ ጡር ግን፣ በንጹሕ ዕቃ ጠልሎ በዚያው ቀን ከተበላ፣ ከዚህ የተሻለ አይብ አላውቅም። ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር የለውም። አገር ቤትም ይቻላል፦ የፈላ ወተት ለብ ሲል በፋብሪካ እርጎ ማርጋት፣ መናጥ፣ ከዚያ እንደ ልማዱ ማሞቅ።

*

«እንግዲያው ወተት ነክ ነገር በሙሉ ይቅርባት» የሚሉ ዘመዶች አሉ። ይህ ሌላ ጉዳት ነው። ነፍሰ ጡር በቀን 1000 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም ያስፈልጋታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ካልሲየም በብዛት በማይበላበት አገር በእርግዝና የሚመጣውን የደም ግፊት ለመቀነስ ተጨማሪ እንዲሰጥ ይመክራል። የነፍስ አባቷ ከጾም ቢያሳርፏትም ሁዳዴን የምትጾም ብዙ ናት። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ለመፍሰክ የተጠራቀመው አይብ በአንድ ጊዜ ይቀርብላታል።

*

አማት ከገጠር ሲመጡ አይብ ይዘው ይመጣሉ። ከሰው ሁሉ ለይተው ለልጅ ልጃቸው እናት ያመጡት ነው፤ አልበላም ማለት ይከብዳል። «እማዬ፣ ትንሽ ላሙቀው» ማለት ግን አይከብድም። ድስት ላይ ጨምሮ እንፋሎቱ ከመሀሉ እስኪወጣ ማማሰል፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ጣል ማድረግ ነው። ልስላሴው ይቀንሳል፣ ፍቅራቸው አይቀንስም። እንዲያውም ይህን ቃል መናገር ያለበት ባልዬው ይመስለኛል፤ እናቱ ናቸው፣ ድስቱንም መጣድ ይችላል።

*

ነፍሰ ጡር ትኩሳት ይዟት ጤና ጣቢያ ስትሄድ ስለ ወባ ትጠየቃለች፣ ስለ ታይፎይድ ትጠየቃለች። «ጥሬ ወተት ጠጥተሻል? አይብ በልተሻል? ከየት?» ስትባል አልሰማሁም። የሊስቴሪያ ምልክት ከተበላበት ቀን ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከሁለት ወር በኋላ ሊመጣ ስለሚችል እሷ ራሷ አታገናኘውም። ጥያቄው ለመድኃኒቱም ይጠቅማል። በየሆስፒታሉ በብዛት የሚወጋው ሴፍትሪያክሶን ሊስቴሪያን አይነካውም፤ የሚሠራው አምፒሲሊን ነው። አዋላጅ ነርሶቻችን በቅድመ ወሊድ ክትትል ካርዱ ላይ ይህችን አንድ መስመር ቢጨምሩ ጥያቄው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።